የዘመድ ስልክ ቁጥር

ኻርቱም፣ ኦምዱርማን ማዶ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እታለም ስንቅነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ እንዴት ሆነልሽ? ስኳርሽስ? በዚህ ወር የአዘዞ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ሲሉ ሰማሁ። ያንን ከአሠሪሽ ከማዳም ሰልማ የወረስሽውን ቡናማ ሹራብ ደርበሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ እያየሁሽ እጽናናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከስቷል የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ ቀበቶዬ ነው የሰፋው።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ንጋቱ ነው፤ ከገዳሪፍ መተማ እየተመላለሰ ሰሊጥ የሚነግደው፣ አንድ ጊዜ በእሱ እጅ በርበሬ የላክሽልኝ ሰውዬ። በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ባለፈው ስንደዋወል «ሰው ሁሉ ጥሎ ሲወጣ አንተን እዚያ ያስቀረህ ሥራ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር ድምፅሽ ተቆራረጠ። ሌላም አለ። በስልክ ልነግርሽ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ የዘጋሁት ነገር አለ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ መነጽርሽን ፈልጊና ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት ልጅ አታስነብቢ።

በመጀመሪያ ዴም፣ የድሮ ሰፈራችን፣ ሄጄ እንደነበር ልንገርሽ። ክፍላችን ቆሟል። በርና መስኮት የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን እንኳ ከግድግዳው መዝዘው ወስደውታል። ዚሩ፣ የውሃ ጋናችን፣ ተሰብሯል፤ የተቀመጠበት ብረት ግን አለ። ከሥሩ ያቺን ኢንሱሊንሽን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከውሃው አጠገብ የምታቀዘቅዥባትን ጣሳ አገኘሁ። ይዣት መጣሁ። አሁን ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አስቀምጥባታለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የእህቴ ናት እላለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጥም።

ሥራዬ እንግዲህ ይኸውልሽ። ማዳም ሰልማ ቤት ሥራ ጨርሰሽ ስትወጪ ጋዙን ትነኪ፣ ቧንቧውን ታጠብቂ፣ የጓሮውን በር ገፋ ታደርጊ ነበር። ትናንት ያደረግሽውን ዛሬም ትደግሚው ነበር። እኔም የምሠራው ያንኑ ነው፤ ቤቱ ግን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አለቃዬ ሂሻም የሚያሠራው ፕሮግራም የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ነው። ኢንሱሊን ጤና ጣቢያ ሲደርስ ለተመዘገበው ሁሉ «መድኃኒትህ መጥቷል፣ ነገ ና» የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። መብራት አስተማማኝ ስላልሆነ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ አይቆይም። መልእክቱ ያልደረሰው ሰው ዘግይቶ ሲመጣ አልቆ ይጠብቀዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ፕሮግራሙን የምትጽፈው መዲና ናት። እኔ በሮቹን እገፋለሁ። በእጄ አይደለም፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ትንንሽ ፈተናዎች ጽፌያለሁ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በየጠዋቱ አንድ በአንድ ያስሮጣቸዋል። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ይታየኛል።

ችግሩ አንዳንዱ ፈተና ዓመለኛ ነው። ማንም ምንም ሳይነካ ዛሬ ያልፋል፣ ነገ ይወድቃል። የጓሮውን በር ታስታውሺያለሽ? አንድ ቀን ይቆለፋል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ማዳም «ብዙውን ጊዜ ይቆለፋል እኮ» ስትልሽ «አንዳንዴ የሚቆለፍ በር ክፍት በር ነው» ብለሽ ባለሙያ እስኪመጣ ወንበር ደገፍሽበት። እኛ ወንበር አልደገፍንም። እኛ «ከህረባ ነው» አልን። ኻርቱም ውስጥ ከህረባና ሸበካ፣ መብራትና ኔትወርክ፣ ያልተሸከሙት ጥፋት የለም፤ ዳቦው ሲያር ከህረባ ነው፣ ሰው ሠርግ ሲቀር ሸበካ ነው። መብራቱ በቀን አራቴ ይጠፋል፣ የጣራው ሶላር ይደክማል፣ ኢንተርኔቱ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ፈተና ሲወድቅ ማንም አይደነግጥም። እንደገና እናስሮጠዋለን። ከሦስት አንዴ ካለፈ ሂሻም «ኻላስ፣ ማሺ፣ በቃ ይሄዳል» ይላል፣ እንቀጥላለን። ሦስቴም የወደቀው ሙስተሽፋ ይገባል። ስሙን ያወጣችው መዲና ናት። ሆስፒታል የገባ ፈተና አይሮጥም፣ ቀይ አይሆንም፣ የማንንም እንጀራ አያናጋም። ታክሞ ይወጣል ተብሎ ነው የሚገባው፤ ድኖ የወጣ ግን እስከዚህ ወር ድረስ አላየንም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ አትሳቂብኝ። ከፈተናዎቹ አንደኛዋ አንቺ ነሽ።

ፈተና ሲጻፍ የሐሰት በሽተኛ መፍጠር ያስፈልጋል። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ እጄ ሳላዘው «ስንቅነሽ» ብሎ ጻፈ። ዕድሜ አርባ ስድስት፣ አድራሻ ዴም። «የዘመድ ስልክ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ባዶውን ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትመጪ ነበር፤ ትመዘገቢያለሽ፣ መድኃኒትሽ ይመጣል፣ መልእክት ይደርስሻል፣ ስምሽ አረንጓዴ ይሆናል። ሻዬን የምጠጣው ያን ካየሁ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ናፍቆቱን በፎቶ ይወጣል፤ እኔ በዚህ ነበር የምወጣው።

በጥቅምት መዲና ፈተናዎቹ በየቀኑ በዕጣ፣ በተለያየ ቅደም ተከተል እንዲሮጡ አደረገች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንቺ መውደቅ ጀመርሽ። ሁለት ቀን ታልፊያለሽ፣ በሦስተኛው ትወድቂያለሽ። መዲና ከወሎ ቤተሰብ ዴም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው። ቀይ ሆነሽ ስታይሽ «ያ ሚልዮን፣ እህትህ ዛሬ ዘዕላና ናት፣ ተቀይማለች፣ ምን አደረግካት?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን ቀይ ሆነሽ ሳይሽ ቀኑ ይበላሽብኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሦስቴ አስሮጥኩሽ፤ ሦስቴም ወደቅሽ። ከህረባ ነው አልኩና በገዛ እጄ ሙስተሽፋ አስገባሁሽ። ገጹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሂሻምም ደስ ብሎት ፕሮግራሙን ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ለሙከራ አስጀመረው።

በኅዳር መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ አይቼ እንድመጣ ተላክሁ። ሐፍላ ተሳፍሬ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ከገበያው በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ቀጠልኩ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሀኒፋን። የጎረቤታችንን ሀኒፋን። ጦርነቱ በተጀመረበት በዚያ ክፉ ሳምንት የራሷን ኢንሱሊን ለሁለት ከፍላ ያተረፈችሽን፣ ገዳሪፍ ድረስ ደግፋ ያደረሰችሽን። በዚህ ክረምት ብቻዋን ተመልሳ እዚያው ሐጅ ዩሱፍ አንድ ክፍል ተከራይታለች።

«አንተ፣ ሚልዮን ነህ?» አለችኝ። «ወላሂ ሽበት አብቅለሃል።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መድኃኒት ልወስድ ነዋ። ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለቱንም ‹ትናንት አለቀ› ብለው መለሱኝ። ለሰው ሁሉ በስልክ ይነገረዋል አሉ፤ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ሸበካ ነው መሰለኝ።»

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ሸበካው ሙሉ ነበር፣ ከእኔ ስልክ እንኳ ይሻላል።

«ስትመዘገቢ የዘመድ ስልክ የማንን ሰጠሽ?»

«ማን አለኝ ብዬ? ባዶ ነው። ጸሐፊው ራሱ አዝኖልኝ ‹ሱብሓነላህ፣ አንድ ሰው እንኳ?› አለኝ።»

«እስካሁን እንዴት ቆየሽ ታዲያ?»

«ግማሽ ግማሽ እየወጋሁ። አብሽር፣ አይዞህ፣ ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ ያለችውን ስሰማ ከማን ጋር ሆና እንደለመደችው አወቅሁ። ያን ቀን ከመጣው ላይ ደረሳት፤ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ምሳ ሳልበላ ቢሮ ተመለስኩ።

ከሙስተሽፋ አወጣሁሽ። ሌሎቹን ሁሉ አቁሜ አንቺን ብቻሽን አስሮጥኩሽ። ወደቅሽ። ደገምኩ፤ ወደቅሽ። ሃያ ጊዜ አስሮጥኩሽ፣ ሃያውንም ወደቅሽ። አንቺ ዓመለኛ አልነበርሽም እታለም። ፕሮግራሙ መልእክቱን ለበሽተኛውና ለዘመዱ አብሮ እንዲልክ ነው የተሠራው፤ የዘመዱ ቦታ ባዶ ሲሆን ግራ ይገባውና ለበሽተኛውም ሳይልክ ዝም ብሎ ያልፋል። አልቻልኩም ብሎ እንኳ አይናገርም። ታዲያ በአንዳንድ ቀን እንዴት ታልፊ ነበር? እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ከአንዱ ፈተና ወደ ሌላው ሳልፍ ሰሌዳውን በደንብ አልጠርግም ነበር። ዘመድ ያለው በሽተኛ ልክ ከፊትሽ ከሮጠ የእሱ ዘመድ ቁጥር ሳይጠፋ ይቀርና በሰው ዘመድ ታልፊያለሽ። እስከ ጥቅምት ተራሽ ሁልጊዜ ከእንዲህ ያለ ሰው ቀጥሎ ነበር፤ በዕጣው ግን እንዲህ ያለ ሰው ከፊትሽ ካልገጠመ ትወድቂያለሽ። መዲናን ጠርቼ አሳየኋት።

መዲና የሐጅ ዩሱፉን መዝገብ ከፍታ ስታይ ያ ቦታ ባዶ የሆነባቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች አገኘች። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ የእኛው አገር ሰዎች፣ ሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ። ለአንዳቸውም አንድ መልእክት አልደረሰም። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ጤና ጣቢያ ሊገባ ነበር።

ለሂሻም ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ በዚህ አገር ዘመድ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ሂሻም ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ ሲሞቱ በጦርነቱ መሀል እንኳ አራት መቶ ሰው ሐዘን የተቀመጠለት ሰው ነው፤ ባዶ ቦታ ምን እንደሚመስል ከየት ይወቅ። ቀጠለና «ለወዳጅህ የአንተን ቁጥር ጻፍላት፣ ኻላስ። ቴስቱን ወደ ሙስተሽፋ መልሰው። እሑድ እንጀምርና በኋላ እናስተካክለዋለን፣ ኢንሻአላህ» አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዲት ሻይ እስክትጠጣ ያህል ደህና ሐሳብ መስሎኝ ነበር። የሀኒፋ ይሞላል፤ የሠላሳዎቹስ? ሊስትሮ ሲያታልለኝ «ይቅናህ» ብዬ የማልፈው እኔ፣ አለቃዬን ፊት ለፊት አይቼ «እሷ ቀይ ሆና ትቆያለች። አረንጓዴ እስክትሆን ዝግጁ ነው በሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም» አልኩት። በሩን አላትሞት ወጣ። መዲና ከማሽኗ ቀና ሳትል «ወላሂ ዛሬ ወንድ ሆንክ» አለችኝ።

ሂሻም በማግስቱ መጣና፣ እሑድን ስምንት ቀን እንደገፋው ተናገረ፤ ለሁለት ቀን ሰላምታ ባይሰጠኝም። መዲና ፕሮግራሙን አስተካከለችው፣ እኔ ሰሌዳዬን ጠረግሁ። ሙስተሽፋ የነበሩትን አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ብቻቸውን አስሮጥናቸው። ከአንቺ ሌላ ሁለቱ እውነተኛ ሕመም ነበረባቸው፣ አሥሩ የእኔ ቸልተኝነት ናቸው። ከህረባ ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ለሠላሳ አንዱም መልእክት ሄደ። ረቡዕ ጠዋት ሐጅ ዩሱፍ ቀድሜ ደርሼ በር ላይ ቆምኩ። ሀኒፋ ስልኳን እንደ መታወቂያ ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። «በስሜ ጠራኝ» አለችኝ፤ «ሀኒፋ ነገ ነይ አለኝ።» መድኃኒቷን ተቀብላ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፣ ስለ እግርሽ፣ ስለ ሹራብሽ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ ለሰው ሁሉ እንደምለው፣ «ያኔ ሸበካ ባይጠፋ ኖሮ እኔው ደርሼላት ነበር» አልኩ።

«ሚልዮን፣ እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ» አለች ሀኒፋ። «የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የደወለችልህ። ይጠራ ነበር። ሸበካ የሌለው ስልክ አይጠራም።»

«ምን አለች?» አልኳት።

«ሦስተኛው ላይ ዘጋችውና ‹ፈርቶ ነው፣ ልጅ ነው› አለች። ከዚያ ለጠየቃት ሁሉ ‹ሸበካ ጠፍቶበት ነው› ትላለች። እኔንም አስምላኛለች። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እንግዲህ እታለም፣ ስድስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት ነገር ይህ ነው፤ አንቺ ግን ከመጀመሪያው ቀን ታውቂው ነበር። ቀዳም ሥዑር ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ገዝተሽ፣ እኔ ኦምዱርማን አንድ ሥራ ጨርሼ ከሰዓት እመጣለሁ ብዬሽ ጠዋት ወጣሁ፤ ተኩሱም ያን ጠዋት ተጀመረ። የደወልሽው ማክሰኞ ነው። መድኃኒትሽ ሊያልቅ እንደደረሰ አውቅ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ «እታለም» የሚለው ስም እየበራ ይታየኝ ነበር። ባነሳው ና ትዪኛለሽ፤ ድልድዩን ማለፍ ፈራሁ። አልመጣም ማለት ደግሞ አፈርኩ። ሦስቱንም ጊዜ እስኪቆም ድረስ አየሁት። በዘጠኝ ዓመቴ እጄን ይዘሽ የገላባትን ድንበር አሻግረሽኛል፤ እኔ አንድ ድልድይ አልተሻገርኩልሽም። ጥፋቱ የሸበካው አይደለም። የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላኝን ሰውዬ ልጅ ነው ብለሽ ስለሸፈንሽኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ እንደዚያ ተሸክመሽው እኔ በየሳምንቱ ስለ ዝናብ ስጠይቅሽ ምን ይሰማሽ ነበር? ትናፍቂኛለሽ። ዴም ያለው ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ ያን ያህል አልናፈቅሽኝም፤ ሀኒፋ ያንን ከነገረችኝ ወዲህ ግን መቀመጥ አቅቶኛል።

ሀኒፋ ስንለያይ ስልኳን ሰጠችኝና «መድኃኒቱ ያለ ዘመድም ይመጣል አላልክም? እንግዲያው አሁን ያንን ባዶ ቦታ የአንተን ቁጥር ሙላበት» አለችኝ። ጻፍኩላት። «ስደውል ግን አንሳ» አለች። የፈተናዋ ስንቅነሽ ባዶዋን ትቆያለች፤ ሥራዋ ነው። ዛሬ ጠዋት ብቻዋን አርባ ጊዜ አስሮጥኳት፣ አርባውንም አለፈች። እውነተኛዋን ግን ብቻዋን መተው ይበቃኛል። ሥራው ዘጠኙም ጣቢያ ከገባ በኋላ፣ ከፈቀድሽልኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። ዶሮውን እኔ እገዛለሁ።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይጠብቁሽ፤ እግርሽን ያጽኑልሽ፣ ደጃፍሽን ከሰው አያጉድሉብሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ይህ ወረቀት ከእጄ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አጠገቤ ነው። ምናልባት ባላነሳ፣ ሸበካ ጠፍቶበት ነው ብለሽ ለማንም እንዳትመሰክሪልኝ።

ፈሪው ወንድምሽ፣
ሚልዮን